ሁለት መቃብር ያለው መሐንዲስ
(የቶማስ ሃርዲ የሕይወት ታሪክ ባጭሩ)

ቶማስ ሃርዲ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ትምህርት በኩል ላለፈ ሰው እንግዳ አይደለም። በልብ ወለድ ድርሰቶቹና በግጥሞቹ በዓለም የታወቀ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ሰው ከ16 ዓመቱ አንስቶ እስከ 32 ዓመቱ ድረስ እንጀራውን ያገኝ የነበረው በሕንፃ ንድፍ ሥራ መሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍትም የጻፈው ከዚሁ ሥራ በተረፈው ሰዓት መሆኑን የሚያውቅ ብዙ አይደለም።

እኛም ይህን ታሪክ ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሃርዲ በወጣትነቱ የብዙ ሙታን አጽም ከቦታው ሲፈልስ ቆሞ የተቆጣጠረ፣ በጎልማሳነቱ የገዛ ቤቱን መሠረት ሲያስቆፍር መቃብር ያገኘ፣ ሲሞት ደግሞ የት ይቀበር የሚል ክርክር ተነሥቶበት በመጨረሻው በሁለት ቦታ የተቀበረ ሰው ነው። ለዕድርተኛ ከዚህ የቀረበ ወሬ ከየት ይመጣል? የዘመን አቆጣጠሩ ሁሉ የአውሮፓውያን መሆኑን ግን አንባቢዎቻችን አስቀድመው እንዲያውቁልን እንጠይቃለን።

ሃርዲ የተወለደው ጁን 2 ቀን 1840 ዓ.ም. በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት በሚባለው አውራጃ፣ ከዶርቸስተር ከተማ ጥቂት ራቅ ብላ በምትገኘው ሃየር ቦክሃምፕተን በተባለች መንደር ነው። ቤቱ ቅድመ አያቱ ያሠሩት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሣር የሆነ የገጠር ቤት ነበር። አባቱ ግምበኛ ነው። ጥቂት ሠራተኞች ይዞ የግንባታ ሥራ እየተኮናተረ ይኖር ነበር። ከዚህም ሌላ እርሱም አባቱም በስቲንስፎርድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ መሣሪያ እየተጫወቱ ያገለግሉ ነበር። እናቱ ጀማይማ ደግሞ ከድኻ ቤተሰብ የተወለደች፣ በሰው ቤት ተቀጥራ የሠራች፣ ነገር ግን መጽሐፍ የምትወድና ለልጇ ከፍ ያለ ሐሳብ የነበራት ሴት ናት።

ልጁ ሲወለድ ሞቶ የተወለደ መስሏቸው ወደ ጎን አስቀምጠውት ነበር ይባላል። አዋላጂቱ ጠጋ ብላ ብታየው ለካስ ነፍስ አለበት። እንዲህ አንድ ጊዜ ከሙታን ተቆጥሮ የነበረው ሕፃን 87 ዓመት ኖረ።

በልጅነቱ ደካማ ስለ ነበረ ትምህርት ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። ከገባ በኋላ ግን ጎበዝ ሆነ። ከመንደሩ ዶርቸስተር ድረስ በየቀኑ በእግሩ እየተመላለሰ ተማረ። ላቲን ጀመረ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን የግምበኛ ልጅ አቅም አይፈቅድም ነበርና በ1856 ዓ.ም. በ16 ዓመቱ ጆን ሂክስ ከተባለ የዶርቸስተር መሐንዲስ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። የአባቱን ሥራ ከፍ ባለ ደረጃ መያዙ ስለ ሆነ ለቤተሰቡ ትልቅ እድገት ነበር።

የሂክስ ዋና ሥራ አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን ማደስ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ይህ ነገር እንደ ወረርሽኝ ተዛምቶ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። አራትና አምስት መቶ ዓመት የቆዩት ቤተ ክርስቲያናት አርጅተዋል፣ ተዝረክርከዋል እየተባለ የውስጥ ዕቃቸው ይወጣል፤ መቀመጫው፣ የተቀረጸው እንጨት፣ የድሮው ልስን ይነሣና በምትኩ ጥንት እንዲህ ነበር ተብሎ የሚታሰበው አዲስ ነገር ይገባበታል። ወጣቱ ሃርዲ ሜትሩንና እርሳሱን ይዞ ከመንደር መንደር እየዞረ የነዚህን ሕንፃዎች ልክ ይወስድ፣ ንድፋቸውን ያነሣ ነበር። ሥራውን ወደደው። በኋላ ግን በዚሁ ሥራ ሲጸጸት እናየዋለን።

ቢሮ ከመግባቱ በፊት ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ላቲንና ግሪክ ያጠና ነበር። የዕድል ነገር ሆኖ ከሂክስ ቢሮ ጎን ዊልያም ባርንስ የሚባለው የዶርሴት ባለቅኔ ትምህርት ቤት ነበረው። የሰዋስው ክርክር ሲነሣ ሃርዲ ሮጦ ወደ እርሱ ይሄድ ነበር። በዚያው በ1856 ዓ.ም. ደግሞ ባሏን በመግደል የተፈረደባት ማርታ ብራውን የምትባል ሴት በዶርቸስተር ወህኒ ቤት ደጃፍ በሕዝብ ፊት ስትሰቀል ሕዝቡ መካከል ቆሞ አየ። ይህ ነገር እስከ እርጅናው ድረስ ከዓይኑ አልጠፋም። ከብዙ ዓመት በኋላ ቴስ የምትባለውን ልጅ ታሪክ ሲጽፍ መጨረሻዋን ስቅላት ያደረገው ያየውን አስታውሶ ነው የሚሉ አሉ።

በ1862 ዓ.ም. 22 ዓመት ሊሞላው ሲል ወደ ሎንዶን ሄደና አርተር ብሎምፊልድ ከተባለ ታዋቂ መሐንዲስ ቢሮ በረዳትነት ተቀጠረ። በማግስቱ ዓመት በ1863 ዓ.ም. የእንግሊዝ መሐንዲሶች ማኅበር ባዘጋጀው ውድድር ላይ ስለ ባለ ቀለም ጡብና ስለ ሸክላ ሥራ ባቀረበው ጽሑፍ ተሸልሟል። እንግዲህ ሰውየው በሙያው ተራ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

አሁን ወደ አጽሙ ነገር እንምጣ። በ1860ዎቹ አጋማሽ የሚድላንድ ምድር ባቡር ኩባንያ ሐዲዱን ወደ ሎንዶን መሐል ሲያስገባ መንገዱ በአሮጌው የቅዱስ ፓንክራስ ቤተ ክርስቲያን መካነ መቃብር ላይ አለፈ። በሺህ የሚቆጠር ሙት ከተኛበት መነሣት ነበረበት። ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ አጽሙ በክብር ሳይቀበር ተሽጦ ለወፍጮ ገብቷል የሚል ወሬ ተነሥቶ ስለ ነበረ፣ የሎንዶኑ ጳጳስ የዚህኛውን ፍልሰት ብሎምፊልድ እንዲቆጣጠረው አደረጉ። ብሎምፊልድ በበኩሉ ቋሚ ተቆጣጣሪ አቆመና፣ ተቆጣጣሪውንም የሚቆጣጠር ያስፈልጋል ብሎ ሃርዲን በየምሽቱ ባልታሰበ ሰዓት እየሄደ እንዲያይ አዘዘው።

ሥራው የሚካሄደው ሌሊት ነበር። መካነ መቃብሩ አላፊ አግዳሚ እንዳያየው በጣውላ ታጥሮ፣ ቦግ ቦግ በሚል መብራት ቆፋሪዎቹ ይሠራሉ። ሳጥኑ ደህና የሆነው በጣውላ ላይ ተደርጎ ይወጣል፤ የፈረሰው ደግሞ አጽሙ ተለቅሞ ወደ አዲስ ሳጥን ይዛወራል። አንድ ምሽት ብሎምፊልድም መጥቶ ሳለ አንድ ሳጥን ወድቆ ቢከፈት የአንድ ሰው አጽምና ሁለት የራስ ቅል ተገኘበት። ብሎምፊልድና ሃርዲ ተለያይተው ከ15 ዓመት በኋላ ሲገናኙ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የተነሣው ያ ሁለት ራስ ያለው ሰው ነበር። ለወግ ይመቻል። ሆኖም ከኋላ የሚመጣውን ታሪክ ስናይ ሃርዲ በነዚያ ሌሊቶች ያየው ነገር ለወግ ብቻ የቀረ አይመስለንም። የሞተ ሰው በገዛ አጥንቱ ላይ ምንም ሥልጣን እንደሌለውና ሁሉ ነገር በቋሚ እጅ መሆኑን በዓይኑ ያየው እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ በዚያ መካነ መቃብር ከተነሡት የመቃብር ድንጋዮች ብዙዎቹ አንዲት ዛፍ ዙሪያ ተደርድረው ይታዩ ነበር። ሕዝቡም የሃርዲ ዛፍ ይላት ነበር። ዛፏ ከሃርዲ ዘመን በኋላ የበቀለች እንደ ሆነች በኋላ ተረጋገጠ እንጂ ስሙ አልለቀቃትም። በዲሴምበር 2022 ዓ.ም. በነፋስ ወደቀች።

ሎንዶን ለሃርዲ ጤና አልተስማማውም። በ1867 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ እንደገና ከሂክስ ጋር መሥራት ጀመረ። የመጀመሪያውን ልብ ወለዱንም የጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። የድኻ ልጅና የጌታ ልጅ ፍቅር የሚተርክ፣ በባላባቶችና በሀብታሞች ላይ ኃይለኛ ትችት የሚያወርድ መጽሐፍ ነበር። አሳታሚዎቹ ፈሩት። ጆርጅ ሜሬዲዝ የሚባለው ደራሲ አስጠርቶ ይህን ካሳተምክ ተቺዎች አይለቁህም፣ ይልቅስ ሴራ ያለበት ታሪክ ጻፍ ብሎ መከረው። ሃርዲ ምክሩን ሰማ፤ ያ የእጅ ጽሑፍ ሳይታተም ጠፍቶ ቀረ። እኛ እንደምንገምተው ግን ቁጣው አልጠፋም፤ በኋለኞቹ መጻሕፍቱ ውስጥ ተመልሶ ወጥቷል።

ሂክስ በ1869 ዓ.ም. ሲሞት ቢሮውን ክሪክሜይ የሚባል የዌይማውዝ መሐንዲስ ተረከበው። እርሱም በማርች 1870 ዓ.ም. ሃርዲን በምዕራብ ጫፍ ወደሚገኘው ኮርንዎል ላከው። በዚያ ሴንት ጁልየት የሚባል ቤተ ክርስቲያን ማማው ሊወድቅ ደርሶ ስለ ነበረ ልኩን ወስዶ ንድፉን እንዲያነሣ ነው የተላከው። ቀኑን ሙሉ በባቡርና በፈረስ ጋሪ ተጉዞ ማታ ከካህኑ ቤት ሲደርስ ካህኑ በሪህ ታሞ ተኝቷል፤ ሚስቱም አጠገቡ ናት፤ በር የከፈተችለት የሚስቱ እኅት ኤማ ጊፎርድ ሆነች። ከኮቱ ኪስ ብቅ ያለ ሰማያዊ ወረቀት አይታ የቤተ ክርስቲያኑ ፕላን መስሏት ነበር። ኋላ ስትጠይቀው ግጥም ሆኖ ተገኘ።

ለካስ የተላከው ለማማ ብቻ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ በሴፕቴምበር 1874 ዓ.ም. ተጋቡ። ኤማ ጥሩ ፈረስ ጋላቢ፣ ደፋር፣ ጽሑፍ የምትወድ ሴት ነበረች። የእጅ ጽሑፉን እየገለበጠች፣ በርታ እያለች የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት ያስጨረሰችው እርሷ ናት። የጠበቃ ልጅ ስለ ነበረች ግን አባቷ የግምበኛ ልጅ አማች አልፈለገም።

በመካከሉ ሃርዲ ሁለት እግሩን ሁለት ቦታ አድርጎ ይሠራ ነበር። በ1871 ዓ.ም. የመጀመሪያው የታተመ ልብ ወለዱ ያለ ደራሲ ስም ሲወጣ ለአሳታሚው 75 ፓውንድ ከኪሱ ከፍሎ ነው። አንድ ታዋቂ ጋዜጣ መጽሐፉን ሲያጥላላው ከአጥር መሻገሪያ ላይ ቁጭ ብሎ አንብቦ ሞቱን ተመኘ። በ1872 ዓ.ም. ስለ አባቱና ስለ አያቱ ዓይነት የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኞች የጻፈውን ደስ የሚል መጽሐፍ ሙሉ መብቱን በ30 ፓውንድ ሸጠው። በዚያው ዓመት ሎንዶን ውስጥ ሮጀር ስሚዝ ከተባለ መሐንዲስ ጋር የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ንድፍ ይሠራ ነበር። የመጨረሻው የተቀጠረበት ሥራ ይኸው ነው። በ1873 ዓ.ም. ሰማያዊ ዓይን ያላትን ልጅ ታሪክ አወጣ። ቤተ ክርስቲያን ሊያድስ ወደ ሩቅ አገር የተላከ የግምበኛ ልጅ፣ ከካህን ቤት ልጅ ጋር ሲዋደድ የሚተርክ ነው። ከየት እንዳመጣው መናገር አያሻም! በማግስቱ ዓመት በ1874 ዓ.ም. ኮርንሂል በሚባለው ትልቅ መጽሔት በየወሩ የወጣው ልብ ወለድ ሕዝቡን አስጨበጨበ። ከዚያ ወዲያ በብዕሩ ብቻ ኖረ።

ይሁን እንጂ መሐንዲስነቱን ጣለው ማለት አይቻልም። የሃርዲን ልብ ወለድ ያነበበ ሰው ግድግዳው ከምን ድንጋይ እንደ ተሠራ፣ ጣራው እንዴት እንደ ተሸከመ፣ ጋጣውና ጎተራው በየት በኩል እንደ ሆነ ሳይነገረው አያልፍም። በዚያው በ1874ቱ መጽሐፍ ውስጥ የእኛን ሰው ልብ የሚነካ አንድ ቦታ አለ። ትሮይ የሚባል ወታደር ፋኒ የምትባለውን ድኻ ልጅ በድሏት ከሞተች በኋላ ይጸጸትና በመቃብሯ ላይ በሌሊት አበባ ይተክላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ማማ ላይ ግን በአውሬ ራስ ቅርጽ የተሠራ የአሸንዳ አፍ አለ። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ ውሃው ከዚያ አፍ እየተወረወረ አበባውን ነቅሎ መቃብሩን ጭቃ አድርጎ ያድራል። አሸንዳ የት ጋ ውሃ እንደሚጥል ልኩን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለውን ነገር የሚጽፈው። ከመቃብር በኋላ የሚመጣ ጸጸትም ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ በዚያች ገጽ ይታያል።

በ1883 ዓ.ም. ከዶርቸስተር ወጣ ብሎ መሬት ያዘና ማክስ ጌት ብሎ የሰየመውን ቤት ራሱ ነደፈ፤ አባቱና ወንድሙ ሄንሪ ሠሩለት። የውሃ ጉድጓድና መሠረት ሲቆፈር በሮማውያን ዘመን የተቀበሩ አጽሞች ተገኙ፤ ሬሳዎቹ በቁፋሮው ውስጥ ተጣጥፈው እንደ ተኙ ነበሩ። ሃርዲ ስለዚህ ነገር ለአውራጃው የጥንት ታሪክ ማኅበር ጽሑፍ አቅርቧል። ነገር ግን ከቦታው አልሸሸም፤ በ1885 ዓ.ም. ገብቶ እስኪሞት ድረስ እዚያው ኖረ። ቤቱን ያዩ ሰዎች ብዙም አላደነቁትም። ቀይ ጡብ፣ ጨለም ያለ፣ በዛፍ የታፈነ ነው ይሉታል። በእጅ ፓምፕ ውሃ እየተሳበ እስከ 1920 አካባቢ ድረስ የቧንቧ መታጠቢያ እንኳን አልነበረውም። የሌላውን ቤተ ክርስቲያን ሲያሳምር የኖረ ሰው የራሱ ቤት ላይ ለምን እንዲህ ሆነ ቢባል፣ እኛ እንደሚመስለን ቤት ለሃርዲ መጻፊያ እንጂ መታያ አልነበረም።

ትልልቆቹ መጻሕፍቱ በዚያ ቤት ውስጥ ተጻፉ። በ1891 ዓ.ም. የወጣው የቴስ ታሪክ በመጀመሪያ በመጽሔት ሲቀርብ አዘጋጆቹ ነውር ነው ብለው ብዙ ቦታ አስቆርጠውታል። ሌላው ቀርቶ አንድ ወጣት ጎርፍ የሞላውን መንገድ ልጃገረዶቹን ታቅፎ ሲያሻግር የሚለው ቦታ ስላስነወራቸው፣ ልጃገረዶቹ በእጅ ጋሪ ተጭነው እንዲሻገሩ ሆነ! በ1895 ዓ.ም. የወጣው ጁድ ደግሞ የባሰ ጣጣ አመጣ። ጁድ ድንጋይ ጠራቢ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ግድግዳ እየጠገነ ይኖራል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ለመማር ግን በሩ ተዘግቶበት ይሞታል። ጋብቻንም ስለ ነካ ጩኸቱ በረታ፤ አንድ ጳጳስ መጽሐፉን እሳት ውስጥ መጣላቸውን በጋዜጣ አሳወቁ። ኤማም ራሷ አልወደደችውም፤ ባሏ በሃይማኖትና በትዳር ላይ የጻፈ መሰላት። ከዚያ በኋላ ሃርዲ አዲስ ልብ ወለድ መጻፍ ተወ። በቀሪው ሠላሳ ዓመት በይበልጥ ግጥም ጻፈ፤ የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፍ በ1898 ዓ.ም. ሲወጣ ሥዕሎቹን የሠራው ራሱ ነው።

ከፍ ብለን ጸጸት ብለን ነበር። በ1881 ዓ.ም. ሃርዲ ጥንታዊ ሕንፃዎችን ለመጠበቅ ከተቋቋመው ማኅበር ገባ። በ1906 ዓ.ም. በማኅበሩ ስብሰባ ላይ በተነበበለት ጽሑፍ በወጣትነቱ የተሳተፈበት እድሳት ምን ያህል ቅርስ እንዳጠፋ ገልጾ ተናገረ። የሴንት ጁልየት ነገር ራሱ አንድ ምሳሌ ነው። የተቀረጸ የጥንት የእንጨት መጋረጃ እንዲጠገን አዝዞ ሄዶ፣ ሥራው አልቆ ቢመለስ ኮንትራክተሩ አዲስ አብረቅራቂ መጋረጃ ገጥሞበት ቆየው። ሰውየው በቸርነቱ ነው ያደረገው፤ በአሮጌ ነገር ላይ ከመለጠፍ ብሎ ከራሱ ጨምሮ አዲስ አሠራ። ምን ይባላል? በዊምቦርን ከተማ ሲኖር ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ እድሳት ምክንያት የመቃብር ድንጋዮች ተነሥተው መቀላቀላቸውን አይቶ፣ ሙታኑ ማን ማን እንደ ሆነ ጠፋን እያሉ የሚያማርሩበትን ግጥም ጽፏል። አስቂኝ ግጥም ነው፤ ግን ከልቡ ነው። በስተርጅና ሃርዲ ምክር ሲጠየቅ የሚሰጠው ምክር ባብዛኛው ባትነኩት ይሻላል የሚል ነበር።

ትዳሩ አልሰመረም። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ባልና ሚስት በአንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ ተለያይተው ነበር፤ እርሷ ከጣራው ሥር ወዳሉት ክፍሎች ወጥታ እዚያ ትውል ታድር ነበር። ኖቬምበር 27 ቀን 1912 ዓ.ም. በድንገት ሞተች። በስቲንስፎርድ ከሃርዲ ቤተሰብ መቃብር አጠገብ ቀበሯት። የመቃብሯን ድንጋይ የነደፈው ሃርዲ ነው፤ ለራሱም ቦታ ተወበት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። በማርች 1913 ዓ.ም. የ72 ዓመቱ ሽማግሌ ወደ ኮርንዎል ተጓዘ፤ የተዋወቁበትን ገደልና ባሕር ዳር ከወንድሙ ከሄንሪ ጋር ዞረ፤ በሴንት ጁልየት ቤተ ክርስቲያንም ራሱ የነደፈውን የመታሰቢያ ጽሑፍ አስቀመጠላት። ለእርሷ የጻፋቸው የሐዘን ግጥሞች ከሥራዎቹ ሁሉ የሚበልጡ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው። በሕይወት ሳለች ያልነገራትን ከሞተች በኋላ ነገራት። ዘግይቷል፤ ከልብ መሆኑን ግን የሚጠራጠር የለም። በ1914 ዓ.ም. ጸሐፊው የነበረችውን ፍሎረንስ ዳግዴልን አገባ። ሁለተኛዋ ሚስት ለመጀመሪያዋ የሚጻፈውን ግጥም ስታይ ምን ይሰማት እንደ ነበረ እናንተው ገምቱ።

ክብር አልጎደለበትም። በ1910 ዓ.ም. ከፍተኛውን የንጉሥ ሜዳይ ተሸለመ። ካምብሪጅ በ1913፣ ኦክስፎርድ በ1920 ዓ.ም. የክብር ዲግሪ ሰጡት። ለጁድ የተዘጋው በር ለጁድ ደራሲ ተከፈተ።

ሃርዲ ጃንዋሪ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. ማታ ማክስ ጌት ውስጥ ዐረፈ። ኑዛዜው ግልጽ ነበር፤ በስቲንስፎርድ፣ ከእናት ከአባቱና ከሚስቱ ጎን እንዲቀበር ነው የሚፈልገው። ነገር ግን ሬሳው ሳይወጣ ሁለት ሰዎች ጣልቃ ገቡ፤ አንዱ የኑዛዜው አስፈጻሚ ሲድኒ ኮከረል፣ ሌላው ጄምስ ባሪ የሚባለው ታዋቂ ደራሲ ነው። እንዲህ ያለ ሰው የአገር ነው እንጂ የመንደር አይደለም፤ ነገሥታትና ታላላቅ ደራስያን በሚቀበሩበት በዌስትሚኒስተር ገዳም መቀበር አለበት አሉ። ገዳሙም ቦታ ስለ ጠበበ የተቃጠለ ሬሳ አመድ እንጂ ሙሉ ሬሳ አልቀበልም አለ። ፍሎረንስ ግራ ገባት። ወንድሙ ሄንሪና እኅቱ ኬት እጅግ አዘኑ። የስቲንስፎርዱ ካህን ደግሞ እንግዲያውስ ልቡ እንኳ እዚህ ይቅር የሚል ሐሳብ አቀረቡ።

ለቅሶ ቤት ያመሸ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሟች የተናገረው በአንድ በኩል፣ ቤቱን የሞላው ባለ ስም ሰው የሚለው በሌላ በኩል ይሆንና ባለቤቲቱ በመካከል ትቆማለች። በእኛም ሰፈር የኑዛዜ ወረቀት ከትራስ ሥር ሳይወጣ የቀብሩ ቦታ በስልክ ተቆርጦ ያለቀበት ጊዜ ጠፍቶ አይደለም። የሃርዲ ቤተሰብ ያጋጠመው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የእነርሱ በጋዜጣ ላይ መዋሉ ነው።

እንደ ተባለውም ሆነ። ሐኪም መጥቶ ልቡን አወጣ። ልቡ ለጊዜው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የተቀመጠው ይባላል። ከዚያም ድመት በላችው የሚል ቀልድ በአገሩ ሲወራ ኖሯል፤ ሐሰት ነው፣ ግን ሕዝቡ በነገሩ ምን ያህል እንዳልተደሰተ ያሳያል። ሬሳው ወደ ዎኪንግ ተወስዶ ተቃጠለ። ጃንዋሪ 16 ቀን በአንድ ሰዓት ላይ ሁለት ቀብርና አንድ ጸሎት ተደረገ። በዌስትሚኒስተር አመዱ ሲገባ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታንሊ ባልድዊን፣ የተቃዋሚው መሪ ራምሴይ ማክዶናልድ፣ ከደራስያን በርናርድ ሾው፣ ኪፕሊንግ፣ ጎልስወርዚና ባሪ ከአጀቡ መካከል ነበሩ፤ ፍሎረንስና ኬትም እዚያ ቆሙ። ከዶርሴት የመጣ አንድ አካፋ አፈር በአመዱ ላይ ተጨመረ። በስቲንስፎርድ ሄንሪ የወንድሙን ልብ በኤማ መቃብር አስቀበረ፤ የቀበረው የመንደሩ ሰው ነው። በዶርቸስተር ከተማ ደግሞ ከንቲባውና ነዋሪው በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ጸለዩ።

የግምበኛው ልጅ ከ90 ሺህ ፓውንድ በላይ ንብረት ትቶ ነው የሞተው። በሞተ በዚያው ዓመት ስለ ሕይወቱ በፍሎረንስ ስም አንድ መጽሐፍ ወጣ፤ ሁለተኛው ክፍል በ1930 ዓ.ም. ተከተለ። ኋላ ሲጣራ አብዛኛውን የጻፈው ራሱ ሃርዲ ሆኖ ተገኘ። የገዛ ታሪኩን በሚስቱ ስም ጽፎ፣ የእጅ ጽሑፉንም አቃጥሎ ነው የሄደው። ስለ ሕይወቱ የሚጻፈውን ለመወሰን ይህን ያህል የተጨነቀ ሰው፣ በሬሳው ላይ ግን አንድ ቃሉ አልተሰማለትም።

ሄንሪ በዚያው በ1928 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተ፣ ኬት በ1940። ፍሎረንስም በ1937 ዓ.ም. ስትሞት በስቲንስፎርድ እዚያው ተቀበረች። በአጸዱ ውስጥ የሃርዲዎች መቃብር በመደዳ ተሰልፎ ይገኛል፤ አያት፣ አባትና እናት፣ እኅትና ወንድም። ሃርዲ ራሱ በነደፈው የኤማ ድንጋይ በአንደኛው ጎን ላይ እዚህ ያለው የቶማስ ሃርዲ ልብ መሆኑ፣ አመዱም በዌስትሚኒስተር ገዳም እንደሚገኝ ተቀርጿል።